ጠይቆ ማወቅ ሲቻል አለማወቅ

አንድ ምእመን ወደ ንስሐ አባቱ ቀርቦ፥ «አባቴ፥ ባለማወቅ የበደልሁት በደል አለ፤ ይቈጠርብኝ ይሆን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ካህኑ ምን ብሎ ይመልስለታል? መልሱ ቀላል አይደለም። በሙሴ ሕግ ሰው ሳያውቅ ለሠራው ኃጢአትም መሥዋዕት እንዲያቀርብ ታዝዞ ነበር (ዘሌ. 4)። ጌታችንም በወንጌል፥ የጌታውን ፈቃድ ያላወቀ አገልጋይ ከዐዋቂው ያነሰ እንደሚገረፍ ተናገረ እንጂ ፈጽሞ ሳይገረፍ ይቀራል አላለም (ሉቃ. 12፥48)። እንግዲህ አለማወቅ ቅጣትን ቢያቀልል እንኳ በደልን ጨርሶ እንደማያጠፋ ከዚህ እንረዳለን።

ዳሩ ግን አለማወቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ሊያውቅ የማይችል ሰው አለማወቅ አለ፤ የሚያውቀው ሰው በአጠገቡ ሳለ፥ አንድ ቃል ጠይቆ ለመረዳት ሲችል፥ ሳይጠይቅ የቀረ ሰው አለማወቅም አለ። የፊተኛው ድካም ነው፤ የኋለኛው ግን ከትዕቢት ወይም ከስንፍና ይወለዳል። ይህን ነገር በቃል ብቻ ከምንከራከርበት፥ በዐይናችን በምናየው በጣና ባሕርና በዙሪያው ባለው ምድር ላይ አድርገን ብንመረምረው ይሻላል። ጥያቄአችንም ይህ ነው፦ ምድርንና ውኃን ልዩ ልዩ ዕውቀት ያላቸው ሰዎች በአንድነት መርምረው፥ ተመካክረው እንዲጠብቁት ማድረግ የመንግሥትና የምሁራን የሥራ ጉዳይ ብቻ ነውን? ወይስ የእያንዳንዳችንን ሕሊና የሚጠይቅ ግዴታ ነው?

እግዚአብሔር አዳምን በኤድን ገነት ባኖረው ጊዜ ሁለት ሥራ በአንድነት ሰጠው፤ ምድሪቱን እንዲያለማትና እንዲጠብቃት (ዘፍ. 2፥15)። የሚጠብቅ ሰው ደግሞ የሚጠብቀውን ነገር ጠባዩን ሊያውቅ ይገባዋል። በጎቹን ለይቶ የማያውቅ እረኛ ከበጎቹ አንዱ ቢጠፋ በምን ያውቃል? ስለዚህ ጠብቁ የሚለው ትእዛዝ፥ ዕወቁ የሚለውን ትእዛዝ በውስጡ ይዞ ይገኛል።

በዚያው ምዕራፍ ስሙ የተጠራውን ግዮንን አባቶቻችን ዐባይ ነው ብለው ያስተምሩናል። ከሰከላ፥ ከግሽ ዐባይ የሚፈልቀው ውኃ ግልገል ዐባይ ተብሎ ወደ ጣና ይገባል፤ ጉማራ፥ ርብና መገጭም ከየአቅጣጫው መጥተው ይቀላቀሉታል፤ ከዚያም በባሕር ዳር በኩል ታላቁ ዐባይ ሆኖ ይወጣል። የጣና ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ጥልቀቱ ግን እንደ ስፋቱ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ በሚባለው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ ባሕሩ እንደ ገበታ የተዘረጋ ነው። ወደ እርሱ የሚወርደው አፈር ቶሎ ይታወቅበታል፤ ውኃው በጥቂቱ ሲጐድልም ዳርቻው ወዲያው ይሸሻል። በደጋ እስጢፋኖስ፥ በክብራን ገብርኤል፥ በናርጋ ሥላሴ፥ በጣና ቂርቆስ፥ በዑራ ኪዳነ ምሕረት የአባቶች ጸሎትና የብራና መጻሕፍት ተጠብቀው የኖሩት በዚህ ውኃ መካከልና ዳር ነው። እኛም በቅዳሴያችን ስለ ዝናም፥ ስለ ወንዞች ውኃና ስለ ምድር ፍሬ እንማልዳለን። በጸሎት የምንለምነውን ነገር በሥራ ብንንቀው ጸሎታችን ራሱ ይወቅሰናል።

ምርመራውን ከራሳችን ቤት እንጀምር። በሰሜኑ ደጋ የጥንቱ ደን በእርሻና በማገዶ ሲያልቅ፥ የተረፈው በአብዛኛው በየደብሩና በየገዳሙ ዐጸድ ያለው ነው። ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ መንገደኛ፥ በተራቈተው እርሻ መካከል ክብ ሆኖ የቆመ አረንጓዴ ሲያይ፥ በውስጡ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ሳይነገረው ያውቃል። ጥዱ፥ ወይራው፥ ዝግባው፥ ኮሶው፥ ዋንዛው በታቦቱ ጥላ ተጠግቶ ኖሯል። እኛም ደኑን ያቆየነው እኛ ነን እያልን እንመካለን፤ ነገሩም እውነት ነው።

ኢትዮጵያዊው የደን ምሁር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ግን፥ ይህን መመኪያችንን ቈጥረው መዘኑት። በሆላንድ አገር በዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ለዶክትሬት ማዕርግ ባቀረቡት ጥናት፥ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ያለውን ዛፍና ቍጥቋጦ፥ ሐረጉንም ሳይቀር መዝግበው 168 ዓይነት ዕፀዋት አገኙ። ይህ ለአባቶቻችን ታላቅ ምስክር ነው። ነገር ግን ከምስጋናው ጋር ወቀሳም አብሮ ተገኘ። ታላላቆቹ ዛፎች ቆመው ይታያሉ፤ ከሥራቸው ግን ለነገ የሚተካ ችግኝ ጥቂት ነው፤ ወደ ዐጸዱ የሚገባው ከብት የበቀለውን ይግጠዋል፥ ይረግጠዋልም። ከብት በታገደበት ስፍራ ግን ችግኙ ይተርፋል። አያቶች ያሉበት፥ የልጅ ልጆች ግን የጠፉበት ቤት ማለት ይህ ነው። ከዛፉ ጥላ ሥር ዘመኑን ሁሉ የቆመው ካህን ቀና ብሎ ቅጠሉን እያየ እግዚአብሔርን ሲያመሰግን ኖሯል፤ ዝቅ ብሎ መሬቱን የተመለከተ ግን አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ነገር ልብ እንበል። ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ካህናትን በጉባኤ ሰብስበው፥ ከሰማይ በሳተላይት የተነሣውን የየአድባራቱን ሥዕል አሳዩአቸው። ካህናቱም የዐጸዳቸው ዙሪያ ምን ያህል እየተበላ እንደ ሄደ በዐይናቸው አዩ። ጉዳቱን ያሳየው የምሁራኑ ዕውቀት ነበር፤ መድኃኒቱን ያመጡት ግን ካህናቱ ናቸው፤ ከእርሻው ድንጋይ ለቅመን በዐጸዱ ዙሪያ ካብ እንካብ አሉ። ካቡም ከብቱን ከለከለ፤ ገበሬውም እርሻው ከድንጋይ ጸዳለት። ምሁሩ ብቻውን ቢሆን መጽሐፍ ጽፎ በቀረ ነበር፤ ካህኑም ብቻውን ቢሆን ደኑ በፊቱ ሲያረጅ እያየ ባላወቀ ነበር። አንዱ የሌላውን ደጅ በማንኳኳቱ ግን ሁለቱም ያልነበራቸውን ነገር አገኙ።

አሁን ከዐጸዱ ወጥተን፥ ከካቡ ማዶ ወዳለው እርሻ እንሻገር። ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ፥ በአዴት መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደብረ ማዊ የሚባል ስፍራ አለ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ከአሜሪካው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር በዚያ ለብዙ ዓመታት ዝናሙን፥ ጎርፉንና ደለሉን ሲለኩ ኖረዋል። ቀድሞ የሚታሰበው፥ አፈሩ በይበልጥ የሚታጠበው ከተዳፋቱ ስለ ሆነ በተዳፋቱ ላይ እርከን ከተሠራ በቂ ነው ተብሎ ነበር። እርከን መልካም ሥራ ነው። ልኬቱ ግን ሌላም ነገር ገለጠ፦ ክረምቱ እየገፋ በሄደ ቍጥር በግርጌ ያለው ረባዳ ምድር ውኃ ጠግቦ ሌላ መቀበል ያቅተዋል፤ በዚያም ምድሩ ተሰንጥቆ ቦረቦር ይከፈታል፤ ወደ ወንዙ ከሚወርደው ደለል ብዙው የሚመጣው ከዚያ ቦረቦር ነው። የአገሩ ገበሬ ደግሞ ረባዳው በየትኛው ወር እንደሚጠግብ፥ የበሬው እግር የትኛው ስፍራ ላይ እንደሚሰምጥ ከአባቱ ተቀብሎ ያውቃል። መሣሪያው የለካውን እርሱ በእግሩ ለክቶታል። ሁለቱ ልኬቶች ሲገናኙ የትኛው ስፍራ አስቀድሞ መጠበቅ እንዳለበት ይታወቃል፤ ሳይገናኙ ሲቀሩ ግን ብዙ ድካም በማይገባው ስፍራ ይፈስሳል።

በዚያው እርሻ ላይ ለንስሐ አባት የሚቀርብ አንድ ነገር አለ። ገበሬው በክረምት ማሳው እንዳይጥለቀለቅ ፈሰስ የሚባለውን ቦይ ያወጣል። ፈሰሱ ለባለ ማሳው መዳኛ ነው፤ ከግርጌ ላለው ጎረቤቱ ግን ጎርፍ ሊሆንበት ይችላል። የአፈር ምሁሩ ስለ ቦረቦሩ ያጠናል፤ ዳኛው ስለ ድንበሩ ክርክር ይሰማል፤ የንስሐ አባቱ በሁለቱ ጎረቤታሞች መካከል ስለ ገባው ቂም ይሰማል። ሦስቱም የሚያዩት ያንኑ አንድ ፈሰስ ነው፤ ነገር ግን እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም። ካህኑ የቂሙን ምንጭ ሳያውቅ ታረቁ ይላል፤ ሰዎቹም ይታረቃሉ፤ በሚመጣው ክረምት ግን ውኃው እንደ ገና ያጣላቸዋል። ነቢዩ ሕዝቅኤል፥ ከመልካሙ መስክ ከተሰማሩ በኋላ የቀረውን የሚረግጡትን፥ ጥሩውንም ውኃ ከጠጡ በኋላ የተረፈውን በእግራቸው የሚያደፈርሱትን በጎች እግዚአብሔር እንደሚወቅስ ጽፏል (ሕዝ. 34፥18-19)። ልናስተውለው የሚገባን፥ በጎቹ ስለ ጠጡ አልተወቀሱም፤ የተወቀሱት ከኋላቸው የሚጠጣ ሌላ መኖሩን ስላላሰቡ ነው።

ያ ከማሳ የታጠበ አፈር በወንዞቹ ተጭኖ ወደ ጣና ይወርዳል፤ እኛም ተከትለነው ወደ ባሕሩ እንውረድ። ዐባይ ከባሕሩ በሚወጣበት ጨራ ጨራ በተባለው ስፍራ፥ ለጢስ ዐባይ የመብራት ኃይል ውኃውን የሚመጥን ግድብ በ1988 ዓ.ም. ተሠራ። በ1995 ዓ.ም. ዝናሙ ባነሰ ጊዜ፥ ለመብራት የሚለቀቀው ውኃ ተጨምሮበት የባሕሩ ከፍታ እጅግ ዝቅ አለ። የጀልባ ጉዞ ታወከ፤ ዳርቻው ተገለጠ፤ በተገለጠውም መሬት ላይ ገበሬው ዘራ፤ ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም ተጐዳ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ከባሕሩ በዋሻ ወደ በለስ በሚተላለፈው ውኃ የሚሠራ 460 ሜጋ ዋት የኃይል ማመንጫ ተከፈተ። መብራት ኃጢአት አይደለም፤ በጨለማ የሚኖር ሕዝብ ብርሃን ማግኘቱ በረከት ነው። በድርቅ ዓመት የዘራውን ድኻም ማን ይፈርድበታል? እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ የሚመሰገን ወይም ይቅር የሚባል ሥራ ሆኖ ሳለ፥ አንድ ላይ ሲደመር ባሕሩን የሚያስጨንቅ ሆነ።

በዓሣውም እንዲሁ ነው። በጣና ባርበስ የሚባል የዓሣ ወገን አለ፤ ተመራማሪዎች 15 የሚያህሉ፥ በዚህ ባሕር እንጂ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ዓይነቶችን ለይተዋል። ከእነርሱም ብዙዎቹ በክረምት ወደ ወንዞቹ ሽቅብ ወጥተው፥ ጠጠር ባለበት ንጹሕ ውኃ ዕንቍላላቸውን ይጥላሉ። አሥጋሪው ለልጆቹ እንጀራ ሲል መረቡን በወንዙ አፍ ይዘረጋል፤ ገበሬው ውኃውን ለመስኖ ይጠልፋል፤ ሌላው ለቤት መሥሪያ አሸዋውንና ጠጠሩን ይዝቃል፤ ከላይ የሚወርደው ደለል ደግሞ የቀረውን ይሸፍናል። አራቱ አንድ ቀን ተገናኝተው አያውቁም፤ ይሁን እንጂ በአንድነት የአንዱን ዓሣ መንገድ ዘጉ።

እምቦጭ የሚባለው አረም በባሕሩ ላይ መስፋፋቱ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም ሕዝቡ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ገበሬው እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ነቀለ፤ ተማሪው፥ ካህኑ፥ የከተማው ሰው ለርዳታ ወጣ፤ የማጨጃ መሣሪያም መጣ። ይህ ድካም በእግዚአብሔር ፊት ዋጋ አለው። ዳሩ ግን አረሙ የሚጠግበው ከእርሻ ታጥቦ ከሚመጣው ማዳበሪያና ከከተማ ከሚፈስሰው እድፍ ነው። በዳርቻ ያለው እጅ የነቀለውን፥ ሩቅ ያለው እጅ ሳያውቅ ይመግበዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ አንድ አካልና ስለ ብዙ ብልቶች ሲያስተምር፥ ዐይን እጅን አታስፈልገኝም ሊለው እንደማይችል ጽፏል (1ቆሮ. 12፥21)። ይህ ቃል ስለ ቤተ ክርስቲያን የተነገረ ቢሆንም፥ የአንድ ተፋሰስ ሰዎችም በውኃ የተሳሰሩ ብልቶች መሆናቸውን ለማስተዋል ይረዳናል።

በዚህ ላይ አንዳንድ አባቶች፥ «ይህ የዓለም ጥበብ ነው፤ የካህን ሥራ ግን ጸሎትና ትምህርት ነው» ይሉ ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆነን ሙሴ ራሱ ነው። ከእግዚአብሔር ጋር የተነጋገረው፥ ሕግን የተቀበለው ነቢይ፥ የምድያም ካህን የነበረው አማቱ ዮቶር አሠራሩን ነቅፎ ሲመክረው አልተቈጣም፤ ምክሩን ሰምቶ ፈጸመው (ዘፀ. 18)። ከቤቱ ውጭ የመጣውን ምክር መስማቱ የሙሴን ክብር አልቀነሰውም። በገዛ አገራችንም አባቶቻችን ሃይማኖትንና የምድርን ዕውቀት አጣምረው ሠርተዋል። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት በሥርዓት ተከልክሎ ስለ ኖረ፥ ደኑ እስከ ዛሬ ቆይቷል። ነገር ግን ክልከላውን ብቻ ለሕዝቡ አልተዉለትም፤ ከአቡነ በትረ ማርያም በትር በቀለ ተብሎ የሚነገርለት ቡና በዛፉ ጥላ ሥር እንጀራው ሆነለት።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ አንድ የጽድቅ ነገር አለ። ካወቅን በኋላ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? በተራራው ግርጌ ያለው ገበሬ፥ ዐይቶት ስለማያውቀው ባሕር ሲባል ረባዳውን ሳያርስ ይተው ብንለው፥ የተወው ማሳ የልጆቹ ምሳ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባንም። በመብራቱ፥ በዓሣውና በባሕሩ ዳር ውበት የሚጠቀመው ሁሉ ለዚያ ገበሬ ባለ ዕዳ ነው። ምርመራው ደለሉን ለክቶ ይህን ዕዳ ሳይለካ ከቀረ ጐደሎ ነው፤ የገንዘብና የሕግ ዐዋቂዎች፥ የንስሐ አባቶችም ከአፈርና ከውኃ ሊቃውንት ጋር በአንድ ጉባኤ መቀመጥ ያለባቸው ስለዚህ ነው።

ለምሁራኑም የምንናገረው አለን። ጥያቄ ይዞ መጥቶ፥ የገበሬውን ጊዜና ዕውቀት ወስዶ፥ መልሱን ግን በማይገባው ቋንቋ ጽፎ በሩቅ የሚያኖር ተመራማሪ፥ እንግድነት ተቀብሎ ሳያመሰግን እንደ ሄደ ሰው ነው። የሚጠየቀውም ሰው ተመርጦ መሆን የለበትም። ደንገልን ቈርጦ ታንኳ በመሥራት፥ የባሕሩን ዳርቻ በማወቅ ነገደ ወይጦን የሚተካከል የለም፤ ይሁን እንጂ ለብዙ ዘመን በማዕድም በምክርም ተገልለው ኖረዋል። እኛ ክርስቲያኖችም በዚህ ንቀት ውስጥ ድርሻ ነበረን፤ ንስሐ ልንገባበትም ይገባናል። የናቅነውን ሰው መጠየቅ ከባድ ነው፤ ንቀት ለአለማወቅ ምክንያት የሚሆነውም በዚህ መንገድ ነው። በጣና ዳር እየኖርን ንጹሕ ውኃ ብናጣ፥ የዐባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው የአገራችን ተረት በእኛ ላይ ተፈጸመ ማለት ነው፤ የሚጠማንም የምክር ውኃ አስቀድሞ ስለ ጠፋ ይሆናል።

በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናንና አካባቢውን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ጻፈው። ይህ ክብር ነው፤ ነገር ግን መዝገብ በሌሊት ተነሥቶ ዐጸድ አይጠብቅም። የሚጠብቀው ሰው ነው። እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ በዓመት አንድ ቀን የዐጸዱን ችግኝ ቢቈጥርና በደብሩ መዝገብ ቢያሰፍር፥ ዲያቆናቱ የምንጩን ውኃ በበጋና በክረምት እያዩ ቢጽፉ፥ በሰንበቴና በማኅበር ላይ የላይኛውና የታችኛው ማሳ ባለቤቶች አብረው ተቀምጠው ስለ ፈሰሳቸው ቢነጋገሩ፥ የአካባቢው የግብርና ባለሙያና የዩኒቨርሲቲው መምህርም በዚያው ማዕድ ቢጋበዙ፥ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ምርመራ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ትሕትና ነው፤ ትሕትናንም ከቤተ ክርስቲያን ካልተማሩት ከወዴት ይማሩታል?

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ያ ምእመን ወደ ንስሐ አባቱ መጥቶ፥ «ፈሰሴን ወደ ጎረቤቴ ማሳ መልሻለሁ፤ እንደሚጐዳው ግን አላወቅሁም» ቢል፥ ካህኑ መጀመሪያ «ልጄ፥ ጠይቀኸው ነበርን?» ሊለው ይገባል። ያን ጥያቄ ለመጠየቅ ግን ካህኑ ራሱ አስቀድሞ የጠየቀ፥ ዝቅ ብሎም ከዛፉ ሥር ያለውን መሬት ያየ ሊሆን ያስፈልጋል። የምንችለውን ያህል ጠይቀን፥ ተመካክረን፥ ሠርተን ከጐደለብን፥ ጕድለታችንን የሚሞላ ቸር አምላክ አለን። ሳንጠይቅ ቀርተን አላወቅንም ብንል ግን፥ በአጠገባችን ሆነው ያልጠየቅናቸው ሁሉ ምስክር ይሆኑብናል።

የምድራችንን ፍሬ፥ የወንዞቻችንንም ውኃ ይባርክልን፤ እርስ በርሳችን የምንሰማማበትን ልቡና ያድለን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።